ጥርስ ዐይቶ ፍርድ

ለልጃቸው የትዳር ጓደኛ የሚመርጡ ወላጆች፣ ሠራተኛ የሚቀጥር ነጋዴ፣ ቤት የሚያከራዩ እትዬ ሁሉም ሳይታወቃቸው የሚመለከቱት አንድ ቦታ አለ፤ የሰውየውን አፍ። ልብስ ተውሰው ይለብሱታል፤ ጫማ ሊስትሮ ዘንድ ይታደሳል፤ ፀጉርም ለአፍታ ወንበር ላይ ከተቀመጡ ይስተካከላል። ጥርስ ግን ውሰትም ብድርም ስለማያውቅ ባለቤቱ ገና አንዴ ሲስቅ ፍርዱ ይሰጣል፦ «ምናለ ቢቦርሽ!» ችሎቱ ከዐይን ጥቅሻ አይረዝምም፤ ምስክር አይጠራም፤ ይግባኝም የለውም። ከሆሳዕና ተነስቶ ወደ ምሥራቅ፣ ወደ ሻሾጎ ሜዳና ወደ ሀላባ ቁሊቶ በሚወርደው አገር ተከሳሾቹ ፍርዱን አስቀድመው ስለሚያውቁት ሲስቁ መዳፋቸውን ከንፈራቸው ላይ ጣል ያደርጋሉ። ነገሩን የማያውቅ እንግዳ «እንዴት ያለ ጨዋ ወጣት ነው!» ብሎ ያደንቃል። ጨዋነቱ አይካድም፤ የሚሸፈነው ግን የበለዘ ጥርስ ነው። የዚህ ወግ ነገር አጭር ነው፦ ፍርዱ የተሰጠው በተሳሳተ ሰው ላይ ነው። ጥርስ ስለ ባለቤቱ ትጋት ከሚናገረው ይልቅ በልጅነቱ ስለጠጣው ጉድጓድ፣ ስለ ሰፈሩ ሱቅና ስለ ሐኪሙ ርቀት የሚናገረው ይበልጣል።

ዋናው ማስረጃ ያለው ወንጂ ነው። በካርታ ላይ ራቅ ያለ ቢመስልም ለከምባታና ለሀዲያ ሰው ወንጂ ሩቅ ሆኖ አያውቅም። ኤች ቪ ኤ የተባለው የሆላንድ ኩባንያ የስኳር ፋብሪካውን በ1946 ዓ.ም. ሥራ ካስጀመረ በኋላ አገዳ ቆራጩ በብዛት ይመጣ የነበረው ከዚሁ ከከምባታ፣ ከሀዲያና ከወላይታ ነው። መሬቱ ለወንድማማቾች ሲከፋፈል እየጠበበ፣ የእንሰቱ ጓሮ ለሁሉም አልደርስ እያለ ሲሄድ ጎልማሳው ገጀራውን ይዞ ወደ አዋሽ ዳር ይወርድ ነበር። እዚያም ከጉድጓድ የሚቀዳ ኩልል ያለ ውሃ ጠበቀው። ጥርት ያለ ውሃ ማንን ያስጠረጥራል? ሆኖም ስምጥ ሸለቆው የእሳተ ገሞራ አገር ነው፤ ከመሬት በታች ያለው ሙቀትና ድንጋይ ውሃውን በፍሎራይድ ያበለጽጉታል፤ ያን ፍሎራይድ አስሮ የሚያስቀር ካልሲየም ደግሞ በውሃው ውስጥ ያንሳል። የዓለም ጤና ድርጅት የሚፈቅደው በሊትር እስከ 1.5 ሚሊ ግራም ነው። ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ1987 ባሳተሙት ጥናት ግን በሊትር እስከ 36 ሚሊ ግራም የተለካባቸው የስምጥ ሸለቆ ውሃዎች ተገኝተዋል፤ እዚያው ተወልደው ካደጉና ከተመረመሩ ልጆችም ከ100 ከ80 በላይ የሚሆኑት ጥርሳቸው በልዟል። ያንን ውሃ ከ10 ዓመት በላይ የጠጡ የስኳር እርሻ ሠራተኞች ላይ ደግሞ ነገሩ አጥንት ድረስ ዘልቆ አንገትና ወገብ እስከ ማድረቅ ደርሷል።

ፈራጁን ሊያሳፍረው የሚገባው ነገር ገና አሁን ይመጣል። የጥርስን ገጽ የሚያለብሰው ኢናሜል የሚሠራው ጥርሱ ብቅ ከማለቱ በፊት፣ ድድ ውስጥ ተሸሽጎ ሳለ ነው፤ ሥራው ከሕፃንነት እስከ 8 ዓመት ዕድሜ ገደማ ባለው ጊዜ ያልቃል። ከዚያ በኋላ ሰው የፈለገውን ያህል ፍሎራይድ ቢጠጣ ጥርሱ በዚያ አይበልዝም። እንግዲህ ከከምባታው አንጋጫ ደጋ በ20 ዓመቱ ወንጂ የወረደ አባት የምንጭ ውሃ ያሳደገውን ነጭ ጥርስ ይዞ ያረጃል፤ ወንጂ የተወለደው ልጁ ግን ጥርሱ ቡናማ ሆኖ ይወጣል። ሁለቱ ከአንድ ሞሰብ በልተው፣ ከአንድ እንስራ ጠጥተው፣ በአንድ ዓይነት መፋቂያ ፍቀው ያደሩ ናቸው። ወደ አገራቸው ለበዓል ሲመለሱ ታዲያ ዘመድ አዝማድ አባቱን እያመሰገነ ልጁን ይመክራል፦ «ከአባትህ ተማር፤ ጥርሱን እንዴት እንደሚጠብቅ እይ!» ልጁ ከአባቱ የሚማረው ነገር ቢኖር ሌላ ቦታ መወለድን ነው፤ እሱ ደግሞ በትምህርት አይገኝም። ብሩሽ የሚያገለግለው ላይ ላዩን ነው፤ ብልዘቱ ግን ከኢናሜሉ ጋር አብሮ የተሠራ ነው። በከሰል፣ በአመድ ወይም በደቃቅ አሸዋ የሚያሹት ሰዎች የሚያስለቅቁት ቀለሙን ሳይሆን ራሱን ኢናሜሉን ነው፤ እሱ ደግሞ አንዴ ከሄደ ተመልሶ አይበቅልም።

በጥርስ መፍረድ የእኛ ብቻ አመል እንዳይመስል አንድ የባሕር ማዶ ጉዳይ እንጨምር። ፍሬደሪክ ማኬይ የተባለ ወጣት የጥርስ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1901 አሜሪካ ውስጥ ኮሎራዶ ስፕሪንግስ ከተማ ሲገባ የአካባቢው ተወላጆች ጥርስ ቡናማ ሆኖ አገኘው። ምክንያቱን ሲጠይቅ መልስ አላጣም፤ አንዱ የአሳማ ሥጋ አበዙ ይላል፣ ሌላው ወተቱ የተበላሸ ነው ይላል። ማኬይ ጉዳዩን ሳይለቅ ቆየ፤ ምክንያቱ ፍሎራይድ መሆኑ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1931 ነው፤ ያወቀውም የአልሙኒየም ኩባንያ ኬሚስት እንጂ የጥርስ ሐኪም አልነበረም። በመካከሉ ግን ማኬይ ሌላ ነገር አስተዋለ፦ እነዚያ የበለዙ ጥርሶች እንደ ሌላው ሰው ጥርስ አይበሉም ነበር። ከዚያ ተነስቶ እ.ኤ.አ. በ1945 ግራንድ ራፒድስ የተባለችው ከተማ በውሃዋ ላይ ጥቂት ፍሎራይድ መጨመር ጀመረች፤ የጥርስ ሳሙናው ቱቦ ላይ ዛሬ የምናነበው ስምም የዚሁ ታሪክ ልጅ ነው። ልኩን ሲያልፍ ኢናሜሉ ራሱ ተቦርቡሮ ይሰባበራልና የወንጂው ጉድጓድ መድኃኒት ነው ማለት አይደለም። ቀለል ያለ ብልዘት ያለበት ወጣት ግን ከመዳፉ ጀርባ የሸሸገው ጥርስ፣ ፍርድ ከሚሰጠው ሰው ነጭ መንጋጋ የበለጠ ጽኑ ሊሆን ይችላል። ተከሳሹ ከዳኛው የተሻለ ማስረጃ በአፉ ይዞ ዝም ማለቱ ነው የሚያስገርመው።

እዚህ ላይ በየቡናው ጭስ የማይጠፋው ተቃውሞ ይነሳል፦ «አያታችን ብሩሽ የሚባል ሳያውቁ በ80 ዓመታቸው አጥንት ይግጡ ነበር፤ ብሩሽና ሐኪም የመጣው ጥርስ ሊያስነቅለን ነው!» ነገሩ እውነትነት አያጣም፤ የሚያስረዳው ግን ሌላ ነገር ነው። አያታችንን ያዳናቸው የብሩሽ አለመኖር ሳይሆን የከረሜላ አለመኖር ነው። ጥርስ ካልነኩት ወደር የሌለው ጽኑ ዕቃ ነው። ጮሮራ በተባለው የአገራችን ሥፍራ የተገኘውና ገን ሱዋ፣ ብርሃኔ አስፋው፣ ዮናስ በየነና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2007 ለዓለም ያስተዋወቁት ጮሮራፒቴከስ አቢሲኒከስ የተባለ ጥንታዊ ዝንጀሮ ሲታወቅ የተገኘለት 9 ጥርስ ብቻ ነበር። የራስ ቅልም፣ እጅም፣ እግርም አልነበረም፤ ጥርሱ ብቻውን 8 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ጠብቆ ስለ ባለቤቱ መሰከረ። አራሚስ በተባለው ሌላው የአገራችን ሥፍራም አርዲፒቴከስ ራሚደስ የተባለው ጥንታዊ ፍጡር ለመጀመሪያ ጊዜ ሲገኝ፣ እ.ኤ.አ. በ1992፣ ብቅ ያለው ጥርስ ነበር። እንግዲህ 8 ሚሊዮን ዓመት ዝናብና ፀሐይ ያልበላውን ዕቃ 8 ዓመት ባልሞላው ልጅ አፍ ውስጥ ባዶ ጉድጓድ የሚያደርገው ምን ኃይል ነው ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል።

መልሱ ስኳር ነው፤ ከስኳርም ይልቅ ቶሎ ቶሎ መቅመሱ። ጣፋጭ ነገር አፍ ሲገባ በጥርስ ላይ የተጋገሩ ጥቃቅን ተዋሕስያን ከባለቤቱ ጋር አብረው ይበላሉ፤ በምትኩም አሲድ ይተዋሉ። አሲዱ ኢናሜሉን ለግማሽ ሰዓት ያህል ሲያሟሟ ይቆያል፤ ከዚያ ምራቅ ቀስ ብሎ ያስታግሰዋል፣ የጎደለውንም ማዕድን ይመልሳል። ቆጮ በጎመን ወይም አተካና የተባለውን የሀዲያ ምግብ በልቶ እስከ ማታ እህል ሳይቀምስ የሚውል ገበሬ ምራቁ ሥራውን የሚጨርስበት ሰፊ ጊዜ ነበረው። ጠዋት በሦስት ማንኪያ ስኳር የተመታ ሻይ፣ ረፋድ ላይ ብስኩት፣ እኩለ ቀን ለስላሳ፣ ከሰዓት ማስቲካ፣ ማታ ደግሞ እንደገና ሻይ የሚወስደው የከተማ ልጅ ግን ምራቁን ዕረፍት ነስቶታል። ስዊድን ውስጥ ቪፔሆልም በተባለ የአእምሮ ዕድገት ውስንነት ያለባቸው ሰዎች ተቋም እ.ኤ.አ. ከ1945 እስከ 1953 የተካሄደው ሙከራ ይህንኑ አረጋግጧል፤ ስኳሩን በምግብ ሰዓት የወሰዱት ጥቂት ሲጎዱ፣ የሚጣበቅ ካራሜል በምግብ መካከል የተሰጣቸው ክፉኛ ተጎዱ። ሙከራው እምቢ ማለት በማይችሉ ሰዎች ላይ የተደረገ በመሆኑ እስከ ዛሬ ያሳፍራል። ያሳፈረ ዕውቀት ግን ዕውቀትነቱ አልቀረም፤ እኛ ደግሞ ያንኑ ሙከራ በገዛ ልጆቻችን ላይ በየትምህርት ቤቱ ደጃፍ በነጻ እየደገምነው ነው።

የታሪክ ቀልድ የሚበዛው እዚህ ነው። ለዘመናት የኢትዮጵያን ልጅ ሲያስደስት የኖረው ደስታ ከረሜላ የተሠራው እዚያው ወንጂ ነው። አንድ መንደር፣ በአንድ በኩል ጥርስ የሚያበልዝ ውሃ፣ በሌላ በኩል ጥርስ የሚበላ ከረሜላ ለአገር አበረከተ፤ በመካከላቸው አገዳውን ቆርጦ የሚያስረክበው ደግሞ የአንጋጫና የሀዲያው ሾኔ ሰው ነበር። ዛሬ የዚያ አገዳ ቆራጭ የልጅ ልጅ ጆሃንስበርግ ዳርቻ በከፈተው ሱቅ ለስላሳና ብስኩት ይሸጣል፤ የላከው ገንዘብም ሆሳዕናና ዱራሜ ላይ ሌላ ሱቅ ይከፍታል፤ በዚያኛውም መደርደሪያ ላይ ብስኩትና ለስላሳ ይሰለፋል። ነጋዴውን ለመውቀስ አይደለም፤ ሰው እንጀራ የሚያገኝበትን ይሸጣል። ነገር ግን ልጁ በ50 ሜትር ውስጥ አምስት የጣፋጭ ሱቅ እያለፈ ትምህርት ቤት ደርሶ ሲመለስ ጥርሱ ቢበላ «ሰነፍ ስለሆነ ነው» ማለት፣ ዝናብ የመታውን ሰው «ለምን ረጠብክ?» ብሎ እንደ መቆጣት ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከባህል ወገን የሚመጣ ነው፦ «መፋቂያችን ከፈረንጅ ብሩሽ ይበልጣል!» የዚህ ተቃራኒ ደግሞ ከተሜው ነው፤ እሱ መፋቂያ የያዘ ሰው ሲያይ ኋላ ቀርነት ይታየዋል። ለሁለቱም ቀዝቃዛ ውሃ የሚሆን መረጃ አለ። ኦልሰን የተባለ ተመራማሪ በኢትዮጵያ ተማሪዎች ላይ አጥንቶ እ.ኤ.አ. በ1978 ባሳተመው ሥራ፣ አጠቃቀሙን በደንብ የተማረ ልጅ በመፋቂያም እንደ ብሩሽ ጥርሱን ማጽዳት እንደሚችል አሳይቷል። የዓለም ጤና ድርጅትም መፋቂያ በተለመደበት አገር እንዲበረታታ መክሯል። ከተሜው ደግሞ ማወቅ ያለበት፣ የሚመካበት የናይለን ብሩሽ የተፈለሰፈው እ.ኤ.አ. በ1938፣ በጣሊያን ወረራ ዘመን መሆኑን ነው። ከዚያ በፊት ፈረንጅ አፉ የሚከተው የአሳማ ጀርባ ፀጉር ነበር። በአሳማ ፀጉርና በወይራ መፋቂያ መካከል ምረጥ ቢባል፣ ሆሳዕና ላይ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ያለ ክርክር የሚስማሙበት ነገር ይገኝ ነበር። ሆኖም ወይራም ሆነ ክትክታ ወይም ልምጭ የውስጥ መንጋጋን ጀርባ ለመድረስ ትዕግሥት ይጠይቃሉ፤ የጥርስ ሳሙና የሚሰጠውን ፍሎራይድም አይሰጡም። ይልቁንም መፋቂያ ድሮ የሚታገለው ከጎመንና ከሥጋ ጭራ ጋር ነበር፤ አሁን የተመደበበት ጦርነት ከረሜላ ነው። ጠላቱ ሲለወጥ መሣሪያው ቢደናገር መፋቂያውን አያስነቅፈውም።

እንዲያውም አብዛኛው የጥርስ ምክር የሚሰናከለው አገሩን ስለማያውቅ ነው። ሆሳዕና 2,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ተቀምጣለች፤ ሀላባ ቁሊቶ ወደ ስምጥ ሸለቆው ወርዳ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ከደጋው ምንጭ የሚጠጣው ልጅ ፍሎራይድ ሊያንሰው ይችላል፤ ለእሱ ፍሎራይድ ያለው የጥርስ ሳሙና ጋሻው ነው። ቆላ ወርዶ ከጥልቅ ጉድጓድ የሚጠጣው ልጅ ግን ችግሩ ያው ፍሎራይድ ነው፤ ለእሱ ከሳሙናው በፊት የሚያስፈልገው ሌላ ውሃ ነው። በሚኒባስ የግማሽ ቀን መንገድ እንኳን የማይሞላ ርቀት ላይ ያሉ ሁለት ልጆች ተቃራኒ መድኃኒት ይፈልጋሉ፤ ሬዲዮው ግን ለሁለቱም «ጥርሳችሁን በቀን ሁለቴ ቦርሹ» ብሎ ወደ ማስታወቂያው ያልፋል። ለቆላው ልጅ መፍትሔ የለም እንዳይባል፣ የደጋ ምንጭ በቧንቧ ማውረድ ይቻላል፤ የዝናብ ውሃ ማጠራቀምም ይቻላል። ሌላው ዘዴ ደግሞ ጆሮ ለማመን የሚቸገርበት ነው፦ ከከብት አጥንት የተሠራ ከሰል ውስጥ ውሃውን ሲያጣሩት ፍሎራይዱ ከአጥንቱ ጋር ይቀራል። ፍሎራይድ የሕያው ሰውን አጥንት እንደሚወድ ሁሉ የሞተ በሬን አጥንትም ስለሚወድ፣ ቀድሞ በሬው ላይ እንዲያርፍ ማድረግ ማለት ነው። እንዲህ ያለውን ማጣሪያ አንድ እናት ለብቻዋ አትተክለውም፤ ወረዳ ይተክለዋል። ስለዚህ በቆላው ልጅ ጥርስ ላይ የሚታየው ብልዘት የእናቱን እንዝላልነት ሳይሆን ያልተሠራውን የውሃ ሥራ ያሳያል።

ዕውቀት ሲርቅ ባዶ ቦታውን የሚሞላው ሌላ ነገር ነው። በብዙ የኢትዮጵያ አካባቢ ተቅማጥ የያዘው ሕፃን ድድ ላይ ነጣ ያለ እብጠት ከታየ «ግግ ነው» ተብሎ በሹል ነገር ይወጣል። የሚወጣው ግን በሽታ ሳይሆን ገና ያልበቀለ የክራንቻ እንቡጥ ነው። ሕፃኑ ሊደማ፣ ቁስሉ ሊመረቅዝ፣ ከሥሩ ያለው ቋሚ ጥርስም ሊጎዳ ይችላል፤ የኢትዮጵያ ጎጂ ልማዳዊ ድርጊቶች አስወጋጅ ማኅበር ከእንጥል ማስቆረጥ ጋር በአንድ ተርታ ሲታገለው የኖረውም ለዚህ ነው። በዚህ ልማድ መሳለቅ ቀላል ነው፤ ሆኖም ጥርስን ትል ይበላዋል የሚለው እምነት ከባቢሎን የሸክላ ጽሑፍ ጀምሮ አውሮፓንም ሲገዛ የኖረ ነው፤ የዘመናዊ ጥርስ ሕክምና አባት የሚባለው ፈረንሳዊው ፒየር ፎሻር እንኳን ትሉን የተጠራጠረው እ.ኤ.አ. በ1728 ባሳተመው መጽሐፉ ነው። እናት ልጇ በተቅማጥ ሲደክም ዝም ብላ ማየት አትችልም፤ አጠገቧ ያለችው አዋቂ ደግሞ ግግ የምታወጣ ሴት ናት። ንጹሕ ውሃና ኦ.አር.ኤስ. ቤቷ ከደረሰላት ግን ተቅማጡም ይቀላል፣ እንቡጡም ይተርፋል። እዚህም ውሃው ቀድሞ ቢደርስ ጥርሱ አይከሰስም ነበር።

«ታዲያ ሰው ለምን በጊዜ አይታከምም?» የሚለው ጥያቄ ደግሞ ታካሚው ሐኪም አጠገቡ እያለ እንደተኛ አድርጎ ያስባል። የአገሪቱ የጥርስ ሐኪሞች በአብዛኛው የተከማቹት አዲስ አበባ ነው። የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም በ1995 ዓ.ም. ሲጀመር ከያዛቸው 16 ፓኬጆች አንዱም ለጥርስ ብቻ የተመደበ አልነበረም፤ ስለ መጸዳጃ ቤት፣ ስለ ወባ፣ ስለ ክትባት ቤት ለቤት ዞራ የምታስተምረው ባለሙያ ስለ ጥርስ የምትናገርበት ገጽ አልተሰጣትም። ስለዚህ የገጠሩ ሰው ቅርንፉድ ይነክሳል። አላዋቂ ነው እንዳይባል፣ ቅርንፉድ ውስጥ ያለውን ዘይት የጥርስ ሐኪሞችም ለማደንዘዣነት ሲጠቀሙበት ኖረዋል። ቅርንፉዱ ሲያቅተው አረቄ ይይዛል፤ አረቄው ሲያቅተው ጉንጩ አብጦ፣ እንቅልፍ አጥቶ፣ ሆሳዕና ንግሥት እሌኒ መሐመድ ሆስፒታል ወይም ዱራሜ ይደርሳል። ያን ጊዜ የሚሞላ ጥርስ አልቀረለትም፤ የቀረው የሚነቀል ነው። ከዚያ «ሐኪም ቤት ከሄድክ ይነቅሉሃል» የሚል ወሬ ይዞ ይመለሳል፤ ጎረቤቱም ያን ሰምቶ እሱም እስኪነቀል ድረስ ይቆያል። «ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ» የሚለው ተረት እዚህ ላይ ሊጠቀስ ይችላል፤ ግን ሙቀጫው ራሱ አዲስ አበባ ከተቀመጠ ባለጉዳዩን በተረት መውቀስ ምን ይጠቅማል?

የመጨረሻውና ከባዱ ተቃውሞ ይህ ነው፦ «ጥፋቱን ሁሉ በውሃና በሱቅ፣ በወረዳና በርቀት ካሳበብን ባለቤቱ ምን ቀረለት? ሁሉም እጁን አጣጥፎ ይቀመጥ?» ተገቢ ጥያቄ ነው። ባለቤቱ የሚችለው ነገር አለ፤ ጣፋጩን ከምግብ ሰዓት ጋር ማያያዝ፣ ልጁ ከመተኛቱ በፊት ማስቦረሽ፣ ሕፃን ልጅ የአተር ፍሬ የምታህል ሳሙና ብቻ ተጠቅሞ ሳይውጥ እንዲተፋ ማስተማር፣ መፋቂያውን በየጊዜው ጫፉን ቆርጦ ማደስ። እነዚህ ብዙ ገንዘብ የማይጠይቁ፣ ሰበብም የማይፈቅዱ ናቸው። ነገር ግን ኃላፊነት እንደ አቅም ነው የሚከፋፈለው። ልጅ የሚጠጣውን ጉድጓድ አልመረጠም፤ እናት ለትምህርት ቤቱ ደጃፍ ሱቅ ፈቃድ አልሰጠችም፤ ገበሬው ፓኬጅ አልቀረጸም። በእነዚህ ምክንያት ለተጎዳ ጥርስ ባለቤቱን ብቻ የሚጠይቅ ሰው፣ ትጋትን ያስተማረ ይመስለዋል እንጂ የሚሠራው ሥራ እውነተኛውን ተጠያቂ ከችሎት ማስመለጥ ነው። ሰው ካፈረ አፉን ይሸፍናል፤ አፉን የሸፈነ ሰው ደግሞ ስለ ውሃው አቤት አይልም።

ጥርስ የባለቤቱ የግል ጉዳይ ብቻ ተደርጎ ለመታየቱ አንድ የተጻፈ ምስክር አለ። ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች በሙከራ ሲጀመር ብዙ ነገር ሸፍኗል፤ ካልሸፈናቸው መካከል ግን ለውበት የሚደረግ ቀዶ ሕክምናና ሰው ሠራሽ ጥርስ አብረው ተመድበው ነበር። ገንዘብ የሚያጥር ፈንድ ሁሉን ልሸፍን ቢል ይወድቃል፤ ይህን መረዳት አይከብድም። የሚከብደው የተመደበበት መዝገብ ነው፦ ጥርስ ጌጥ ተባለ። እንግዲህ የመድኑ መመሪያ እንደገና ሲታይ አንድ ትሑት ሐሳብ እናቅርብ። ስብሰባው ሆሳዕና ይደረግ፤ ከተማዋ ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል መቀመጫ ናትና አዳራሽ አይጠፋም። ለሻይ ዕረፍት ብስኩት አይቅረብ፤ በሚገባ የተቆላ ገብስና ሽምብራ ይቅረብ። በየጠረጴዛው ዙሪያ መንጋጋቸው ያለቀ አንድ አንድ አዛውንት ከከምባታና ከሀዲያ ተጋብዘው ይቀመጡ። ተሰብሳቢዎቹ ቆሎውን እየቆረጠሙ፣ አጠገባቸው ላሉት አባት ጥርስ ጌጥ መሆኑን በደንብ ያስረዱልን።